አሮጌ መለኪያ ቤት ሲገባ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። ልጅዎ ከወንድሟ ጋር ተጋግዛ አንድ ከባድ የብረት ሣጥን ወደ ቤት ታስገባለች። ሣጥኑ ፊቱ ላይ ክብ መስታወትና ብዙ መዘውሮች አሉት። አቧራው ገና አልተጠረገም። «ሰው ለቁራሌው የሚሰጠውን ዕቃ እናንተ ገንዘብ ታወጡበታላችሁ?» ማለትዎ አይቀርም።

ነገር ግን ከመቆጣትዎ በፊት የዕቃውን ምንነት ማወቁ ይበጃል። መሣሪያው ኦሲሎስኮፕ ይባላል፤ በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ በብርሃን መስመር እየሳለ ለዓይን ያሳያል። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ኤሌክትሮኒክስ የሚወዱ ሰዎች ከፋብሪካና ከትምህርት ቤት የተወገዱ እንዲህ ያሉ መለኪያዎችን ይሰበስባሉ፤ ይጠግናሉ፤ በቤታቸውም ይሠሩባቸዋል። አሮጌዎቹ መሣሪያዎች ተፈትተው ክፍሎቻቸው በዓይን ይታያሉ፤ የተበላሸውም ክፍል ብቻውን ይለወጣል። እንዲያውም ቴክትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሚሠራቸው ኦሲሎስኮፖች ውስጥ፣ ለጠጋኙ እንዲሆን ብር የተቀላቀለበት የብየዳ ሽቦ ጠቅልሎ ያስቀምጥ ነበር።

ከወጥ ቤት የወጣ መሣሪያ

መለኪያ መሣሪያና የቤተሰብ ኑሮ ትውውቃቸው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ዊልያም ሂውሌትና ዴቪድ ፓካርድ በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ ከተማ፣ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የድምፅ ዕቃዎችን ለመፈተሽ የሚያገለግል መሣሪያ መሥራት ሲጀምሩ መነሻ ገንዘባቸው 538 ዶላር ብቻ ነበር። የፓካርድ ባለቤት ወይዘሮ ሉሲል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተቀጥረው በሚያገኙት ደመወዝ ኑሮውን ይደግፉ ነበር፤ የድርጅቱን ደብዳቤና ሒሳብም ይይዙ ነበር። የመሣሪያዎቹ የፊት ገጽ ቀለም የደረቀው በእርሳቸው የወጥ ቤት ምድጃ ነው።

የመሣሪያው ምልክት እንዳይዋዥቅ ያደረገችውም አንዲት ትንሽ አምፑል ነበረች። የአምፑሏ ክር በጋለ ቁጥር ኤሌክትሪክን ይበልጥ ስለሚገታ፣ ምልክቱ ከልኩ ሊያልፍ ሲል ትመልሰዋለች።

የወይዘሮ ሉሲልን ትጋት እያደነቅን ምድጃቸውን ግን አንከተል። በአሮጌ መሣሪያዎች ብየዳ ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት አለ፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡርም አይበጅም። በመሆኑም ምግብ በሚበስልበትና በሚበላበት ቦታ ብየዳ አይሠራ። መስኮት ይከፈት፤ ፍርፋሪው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ሦስት የማይዘነጉ አደጋዎች

አንደኛ፣ የአሜሪካ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለ110 ወይም ለ120 ቮልት ነው። የእኛ አገር መስመር 220 ቮልት ስለሆነ፣ በጀርባው ያለው ጽሑፍ ሳይነበብ ሶኬት ላይ የተሰካ እንደሆነ ሊቃጠል ይችላል። ለብዙ ዓመታት ሳይሠራ የተቀመጠንም ዕቃ ባለሙያ ሳያየው ማብራት አይገባም።

ሁለተኛ፣ ሶኬቱ ተነቀለ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። በውስጡ ካፓሲተር የሚባሉ ክፍሎች ኤሌክትሪክን አጠራቅመው ያቆያሉ። በትልልቆቹ አሮጌ ኦሲሎስኮፖች ውስጥ ደግሞ እስከ 10,000 ቮልት የሚደርስ ኃይል አለ። ስለዚህ ልጅ ብቻዋን ክዳኑን አትክፈት።

ሦስተኛ፣ አንዳንድ ሰዎች ለመለካት እንዲመቻቸው የመሬት ሽቦውን ይቆርጡታል። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ሽቦው ከተቆረጠ የብረት ሣጥኑ ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝና የነካውን ሊገድል ይችላል። የተቆረጠ ካገኙ ሳይጠገን እንዳይሰካ ይከልክሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መከልከል ቀላል ነው፤ ግን የተከለከለ ልጅ ተደብቆ ይሠራል። የሚሻለው ቦታና ደንብ መስጠት ነው። አንዳንዱ ኦሲሎስኮፕ ወደ 30 ኪሎ ስለሚመዝን በጠንካራ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ መደርደሪያ ላይ አይሰቀል። ማጥፊያው የት እንዳለ የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቅ። ሰው በኤሌክትሪክ ቢያዝ መጀመሪያ መስመሩ እንደሚጠፋ፣ የተያዘውም ሰው በእጅ እንደማይነካ ለሁሉም ያስረዱ።

ትምህርቱም ከኦሲሎስኮፕ ሳይሆን ከትንሹ መለኪያ ይጀመር። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት መሐንዲስ የነበረው ዶናልድ ማካዲ ሦስት መለኪያ ተሸክሞ መዞር ቢሰለቸው፣ አምፔር፣ ቮልትና ኦምን በአንድ ሣጥን የሚለካ መሣሪያ ፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ1923 ለገበያ የቀረበው ይህ መለኪያ በሦስቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት «አቮ» ተባለ፤ አቮ ሜትር እስከ 2008 ድረስ ሲሠራ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ መለኪያ የእጅ ባትሪ ድንጋይ መለካት ለጀማሪ አደጋ የለውም፤ ጥቅሙ ግን ወዲያው ይታያል። ደህናው ድንጋይ ከሞተው ይለያል፤ የተበጠሰው ሽቦ ይታወቃል፤ ዝም ያለው ሬዲዮ ከመጣሉ በፊት ይፈተሻል።

«ለሴት ልጅ ይህ ምን ይሠራላታል?» የሚልዎት ጎረቤት ቢኖር፣ የወይዘሮ ሉሲልን ምድጃ ያስታውሱት። ልጅዎ ግን ቀለም በማድረቅ ብቻ መወሰን የለባትም፤ መለካቱንም ትወቀው። የቤት ሥራ ቀለል ባለ ማታ እርስዎም አጠገቧ ቁጭ ብለው የመለኪያው መርፌ ሲነሣ ይመልከቱ። «ይህ ምን ያህል ሆነ?» ብለው ይጠይቋት፤ ታስረዳዎታለች።