በክረምት ወራት የሕፃናት የቤት ውስጥ ጨዋታ

ክረምት ለገበሬው የበረከት ወቅት ሲሆን፣ በከተማ በጠባብ ቤት ለሚያድግ ሕፃን ግን የመታገድ ወራት ነው። ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን በሚቈየው በዚህ ወቅት ዝናቡ ከደጅ ያስቀራል፤ ትምህርት ቤቶችም አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ናቸው። ሩጫ የለመደው ልጅ ወንበር ሲያገላብጥ፣ ከአልጋ ሲዘል፣ ታናሹን ሲነካካ ይውላል። ብዙ ወላጆችም «አርፈህ ተቀመጥ!» እያሉ ይቈጡታል፤ አልፎ አልፎም ይመቱታል። ልጁ ግን እንዲህ የሚሆነው በብልግና ሳይሆን፣ በማደግ ላይ ያለው ሰውነቱ እንቅስቃሴን ስለሚሻ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2019 እና በ2020 ዓ.ም. ባወጣቸው መመሪያዎች፣ የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ በልዩ ልዩ እንቅስቃሴ እንዲያሳልፉ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉትም በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ መክሯል። ዝናብ ቢዘንብም ይህ ፍላጎት አይቀርም። ስለዚህ የሚከተለውን መፈጸም ይገባል።

አንደኛ፤ አስቀድሞ ቤቱ ይዘጋጅ። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ልጆች በሚጫወቱበት ክፍል የከሰል ምድጃ ፈጽሞ አይግባ፤ የፈላ ጀበናም ይራቅ፤ መስኮትም ይከፈት።

ሁለተኛ፤ ለጉልበት የሚሆን ጨዋታ ይሰጥ። በሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ይሠመር። እስክስታም ሰፊ ቦታ ሳይሻ ትከሻንና ደረትን ያሠራል። በአንድ እግር መቆምና መዝለል ጡንቻን ከማጠንከሩም በላይ፣ በውስጠኛው ጆሮ የሚገኘውን የሚዛን ስሜት ያለማምዳል።

ሦስተኛ፤ ልጁ ሲደክም እጁና የስሜት ሕዋሳቱ ይሥሩ። ከሊጥ ላምና ጎጆ ይሥራ። ዓይኑ በነጠላ ተሸፍኖ ኮረሪማን፣ ቅርንፉድንና ጤና አዳምን በሽታቸው፣ ባቄላን፣ ሽምብራንና ምስርን በመዳሰስ ይለይ። ነገር ግን 3 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጥራጥሬን ወደ አፍንጫው ሊከት ወይም በእርሱ ሊታነቅ ስለሚችል አይሰጠው። ጥሬ ሊጥም አይበላ፤ ጨዋታው ሲያበቃ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

መምህራንም ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት እነዚህን ጨዋታዎች ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩ፣ ታላላቆቹ ለታናናሾቻቸው ያስተምራሉ። ወላጅም ጧትና ከቀትር በኋላ ጥቂት ደቂቃ አብሮ ቢጫወት፣ ቤቱ ከቁጣ፣ ልጁም ከዱላ ይድናል።