ካምቢዮ ከማስከፈት በፊት ላስቲኳን ማየት

በሐረር የአሮጌ መኪና ወሬ ሲነሳ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ፔጆ 404 ነው። ፈረስ መጋላ ጥቂት የቆመ ሰው ምክንያቱን ሳይነገረው ያውቀዋል። ቮልስ በከተማችን ጥቂት ናት፤ ያለችው ግን ወዳጅ አላት። እኔም ከአንዷ ጋር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ከሆዷ ሥር ስላሉ ሁለት ላስቲኮች ነው።

ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው። ከሞተሩ ፊት ካምቢዮው አለ። ከካምቢዮው ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያዞሩ ሁለት አክስሎች በብረት ቱቦ ውስጥ ሆነው ይወጣሉ። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወይም ድንጋይ ሲወጣ ቱቦው አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ቱቦው ከካምቢዮው ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ላስቲክ ይለብሳል። የላስቲኩ ሥራ ሁለት ነው፤ የካምቢዮው ዘይት እንዳይወጣ፣ አቧራና ውሃም እንዳይገባ ማድረግ። ፔጆ 404 የኋላ አክስሉ ድፍን ስለሆነ ይህ ላስቲክ የለውም። በቮልስ አካል ላይ የተሠራችው ካርማን ጊያና የመጀመሪያዋ የፖርሽ ስፖርት መኪና 356 ግን የቮልስን ዓይነት አክስል ይዘው ነው የወጡት፤ ላስቲካቸውም ያው ነው።

ላስቲክ ያረጃል። ሙቀት፣ ዘይት፣ አቧራና ዓመታት ተጋግዘው ያደርቁታል። እኛ ነርሶች ይህን ከጓንት ተምረነዋል። በእኛ ጊዜ የቀዶ ሕክምና ጓንት አንዴ ተለብሶ የሚጣል አልነበረም። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ፓውደር ተነስንሶበት በእንፋሎት ተቀቅሎ እንደገና ይለበስ ነበር። ከዚያ በፊት ግን አየር ሞልተን ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን፤ አረፋ ካወጣ ቀዳዳ አለው ማለት ነው። ደህና መስሎ የታየው ጓንት ሲለጠጥ በጣቶቹ መሐል ስንጥቁን ያሳያል። የቮልስም ላስቲክ እንደዚያው ነው፤ የሚሰነጠቀው ከእጥፋቱ ሥር ስለሆነ ካልገለጡት አይታይም።

ባለፈው ክረምት ከቮልሷ ሥር ዘይት ማየት ጀመርኩ። ታላቅ እህቴን ለሕክምና ክትትል ድሬዳዋ የማመላልሳት በእሷ ነው። የደንገጎን ቁልቁለትና ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው ዘይት በሚያፈስ መኪና ሕመምተኛ ይዞ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ሲስተር፣ ካምቢዮው መከፈት አለበት» አለኝ። የጠራው ዋጋ ከሁለት ወር ጡረታዬ በላይ ነው።

«ዘይቱ የሚፈሰው ከየት ነው ልጄ?» አልኩት።

«ሁሉንም ስላለበሰው አይታወቅም።»

«ካልታወቀማ ታጥቦ ይታይ» ብዬ መኪናዬን ይዤ ወጣሁ። ቁስል ሳይታጠብ ጥልቀቱ አይታወቅም፤ ምርመራ ሳይደረግም ቀዶ ሕክምና አይታዘዝም።

ሰፈራችን ውስጥ መኪና የሚሠራ አንድ ወጣት አለ። ሥሯን በናፍጣና በብሩሽ አጥቦ አደረቀልኝ። ማታ ከሥሯ ካርቶን ዘረጋንና ጠዋት አየነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። የሞተር ዘይት ጥቁርና ቀጠን ያለ ነው፤ ጠብታውም ወደ መኪናዋ ጭራ ይሆናል። የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ነው፤ ድኝ ድኝ የሚል ኃይለኛ ሽታ አለው። ዘይቱ ከጎማው ውስጠኛ ጎን ከታየ ጥፋቱ የጎማው በኩል ማሸጊያ ነው፤ ይህኛው ፍሬኑን ስለሚያበላሽ አንድ ቀንም መነዳት የለባትም። የእኛ ጠብታ ከካምቢዮው ግራ ጎን፣ ልክ ከላስቲኩ ሥር ነበረች። ላስቲኩን ገለጥ ሲያደርገው ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተገኘ። ካምቢዮው ደህና ነበር።

መለወጫው ላስቲክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ድፍን ሲሆን፣ እሱን ለማስገባት የፍሬን ከበሮውንና የአክስሉን ቱቦ ጫፍ መፍታት ያስፈልጋል። ሁለተኛው በአንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ነው፤ ቱቦው ላይ ተጠቅልሎ በትናንሽ ቡሎኖች ይገጠማል። ለቤት ሥራ የሚመቸው ይህ ነው። ወጣቱ መኪናዋን በክሪክ አነሳ፤ በክሪክ ብቻ አላመነም፣ ጠንካራ መደገፊያ አስገባ፣ የፊት ጎማዎቹንም በድንጋይ አገደ። አሮጌውን ላስቲክ በምላጭ ቀዶ አወጣ። ቱቦውን እስኪያበራ ጠረገው፤ ዘይት የነካው ቦታ ማሸጊያ አይዝምና። አዲሱን ሲያለብስ መጋጠሚያው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሆን ወደ ጎን እንዲሆን አደረገ፤ ላይና ታቹ ይበልጥ የሚለጠጥና የሚታጠፍ ስለሆነ መጋጠሚያውን ይከፍተዋል። ቡሎኖቹንም በልክ አጠበቀ፤ ከልክ ያለፈ ማጥበቅ ላስቲኩን ይቆርጠዋል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የመጨረሻውን ነገር ነው። ላስቲኩን ከግራና ከቀኝ የሚይዙት ቀለበቶች፣ ፋሼታ የምንላቸው፣ በደንብ የሚጠብቁት መኪናዋ ወርዳ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ፣ መኪናዋ ስትወርድ ላስቲኩ ተጣሞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። ከዚያ የካምቢዮው ዘይት ይሞላል። ቮልስ የምትይዘው 2.5 ሊትር ያህል ነው፤ ልኩ ግን በጎን ያለው መሙያ ቀዳዳ ነው፤ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ቆማ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ከንፈር ሲደርስ ይበቃል። ግራው ካረጀ ቀኙም እኩያው ነውና ሁለቱንም ለወጥን። ሥራው ከቁርስ እስከ ምሳ አለቀ። የወጣው አሮጌ ዘይት በጀሪካን ይቀመጥ እንጂ ቦይ ውስጥ አይደፋ።

ቮልስ የሌላችሁ አንባቢዎች «እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉ። ቪትዝና የቅርብ ጊዜ ኮሮላ የሚነዱት በፊት ጎማ ስለሆነ በእያንዳንዱ የፊት አክስል ላይ ሁለት ሁለት ላስቲክ አላቸው። በእነዚህ ውስጥ ያለው ዘይት ሳይሆን ግሪስ ነው። ላስቲኩ ሲቀደድ ግሪሱ በጎማው ውስጠኛ ጎን ይረጫል፤ በቦታውም አሸዋ ይገባል። ይህ በጊዜ ከታየ ላስቲኩን ለውጦ፣ አጥቦ፣ አዲስ ግሪስ መሙላት ይበቃል። መሪ ሲጠመዘዝ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከጀመረ ግን መገጣጠሚያው ራሱ ተበልቷል፤ ላስቲክ ብቻ መለወጥ አያድነውም። ባጃጅም ከኋላ አክስሎቹ ላይ የራሱ ላስቲኮች አሉት።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ አብዛኞቻችን የምንኖረው በእጃችን ባለችው ነው። ባለችው ለመኖር ደግሞ በየዘይት ቅያሪው መኪናዋ ሥር በባትሪ ማየት፣ የላስቲኩን እጥፋት በጣት መግለጥ፣ «ይከፈት» ሲባልም «መጀመሪያ ታጥቦ ይታይ» ማለት ያስፈልጋል። ይህን ለማለት መካኒክ መሆን አያሻም፤ ዐይንና ትዕግሥት ይበቃል።