አሰልቺው አጀንዳ፦ የአንድ ካውንቲ ኮሚሽን ሥራና የጋዜጠኛው ድርሻ

ስለ ስብሰባ ዘገባ ስንማር አብዛኞቻችን ከወዲሁ እንቅልፍ ይመጣብናል። ምረጡ ብንባል ፓርላማውን፣ እግር ኳሱን ወይም ኪነ ጥበቡን እንመርጣለን እንጂ የመንገድ ጥገና በጀት የሚጸድቅበት ስብሰባ ላይ ልቀመጥ የሚል አይገኝም። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ይኸው አሰልቺ የምንለው ስብሰባ የሰውን ኪስ እስከ ምን ድረስ ሊነካ እንደሚችል ነው። ምሳሌ ያደረግሁት በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት የሚገኘውን የጄፈርሰን ካውንቲ ኮሚሽን ነው። ሩቅ አገር የሄድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የሰፈረ ስለሆነ፣ አንድ ተራ ውሳኔ የት ድረስ እንደሚሄድ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካውንቲ ምንድን ነው?

ካውንቲ በአሜሪካ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክልል ነው። ከእኛ ወረዳ ወይም ዞን ጋር ለማነጻጸር ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ሥልጣኑም አሠራሩም አንድ አይደለም። አላባማ 67 ካውንቲዎች አሏት። ጄፈርሰን ካውንቲ በሕዝብ ብዛት የመጀመሪያው ሲሆን፣ የበርሚንግሃም ከተማም የምትገኘው እዚያው ነው። በ2010 በተደረገው ቆጠራ ከ650 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበት ነበር።

ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚመለከቱ ጉዳዮችን የሚወስኑት አምስት ኮሚሽነሮች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከየምርጫ ክልላቸው በየአራት ዓመቱ ይመረጣሉ። ከአምስቱ ሦስቱ እጅ ካወጡ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

የዘወትሩ ሥራ

ታዲያ ኮሚሽኑ ተሰብስቦ ምን ይሠራል? የመጀመሪያው ሥራ በጀት ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው በኦክቶበር 1 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለሸሪፉ፣ ለእስር ቤቱ፣ ለፍርድ ቤቱ ሕንፃ፣ ለመንገዱና ለምርጫው ስንት እንደሚመደብ መወሰን አለበት። ከዚያ ደግሞ በየስብሰባው የሚመጣው አለ፤ ጨረታ ያሸነፈ ድርጅት ኮንትራቱ ይጸድቃል፣ ለመንገድ ሥራ ዕቃ ይገዛል፣ የቦርድ አባላት ይሾማሉ፣ ከከተማ ክልል ውጪ ያለ መሬት ለመኖሪያ ይሁን ለንግድ ይወሰናል። ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤም ቀርቦ ይጸድቃል።

ብዙዎቹ ጉዳዮች ያለ ክርክር ያልፋሉ። ፕሬዚዳንቱ አጀንዳውን ያነባል፣ አንዱ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሌላው ይደግፋል፣ እጅ ይወጣል፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። በ2005 የወጣው የአላባማ የክፍት ስብሰባ ሕግ መደበኛ ስብሰባ ከሰባት ቀን በፊት እንዲነገር ያዝዛል። ዝግ ስብሰባ መግባት ሲፈለግም በመጀመሪያ በሕዝብ ፊት ምክንያቱ ተነግሮ ድምፅ መሰጠት አለበት። በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ጥያቄው በተከፈተው በር ገብቶ የሚቀመጥ ሰው አለ ወይ የሚለው ነው።

የፍሳሹ ጉዳይ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የካውንቲው የፍሳሽ መስመር ያረጀና የሚያፈስ ስለነበር ቆሻሻው ወደ ካሃባና ብላክ ዎሪየር ወንዞች ይገባ ነበር። ነዋሪዎችና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ከሰሱ፤ የፌዴራሉ መንግሥትም ተጨመረበት። በ1996 ካውንቲው መስመሩን ለመጠገን በፍርድ ቤት ተስማማ። ዓላማው ጥሩ ነበር፤ ሥራው ግን ብድር ይፈልጋል። ብድር ለመውሰድ ደግሞ የኮሚሽነሮቹ ድምፅ በቂ ነው። ዕዳው ከዓመት ወደ ዓመት እያደገ ከ3 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ ብድር ለብቻው ሲታይ የሚያስደነግጥ አልነበረም።

በ2002 እና በ2003 ኮሚሽኑ አብዛኛውን ዕዳ ከቋሚ ወለድ ወደ ተለዋዋጭ ወለድ ቀየረው። ምክንያቱ ቁጠባ ነው ተባለ። ወለዱ ከፍ ቢል እንዳይጎዳም ከባንኮች ጋር «ስዋፕ» የሚባል ውል ተፈረመ። ስዋፕ በአጭሩ የወለድ ልውውጥ ነው፤ ካውንቲው ለባንኩ ቋሚ ወለድ ይከፍላል፣ ባንኩ በፋንታው ከገበያ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ወለድ ይከፍለዋል። በወረቀት ላይ ያምራል። በ2008 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ግን ለቦንዱ ዋስ የነበሩት የመድን ኩባንያዎች ራሳቸው ተንገዳገዱ። ቦንዱን የያዙት ሸሹ፣ ካውንቲው የሚከፍለው ወለድ ናረ፣ ከባንክ የሚመጣለት ደግሞ ያንን አልሸፈነለትም።

ሌላው ጉድ የወጣው በኋላ ነው። ከ2002 እስከ 2006 የኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት የነበረው ላሪ ላንግፎርድ የካውንቲውን የቦንድና የስዋፕ ሥራ ለወዳጁ በመስጠት ጥሬ ገንዘብ፣ ውድ ልብስና የእጅ ሰዓት ጉቦ ተቀብሏል ተብሎ በ2009 በ60 ክስ ጥፋተኛ ሆነ። በ2010 የ15 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ጄፒ ሞርጋን የተባለው ባንክ ደግሞ ለኮሚሽነሮች ወዳጆች ሥራ ሳይሠሩ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል ተብሎ በፌዴራሉ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ተከሰሰ። በ2009 ጥፋቱን ሳያምንም ሳይክድም 75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ከካውንቲው እጠይቃለሁ ያለውን 647 ሚሊዮን ዶላር ለመተው ተስማማ።

በዚህ ላይ የካውንቲው የሥራ ግብር በ2011 በፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ። ኮሚሽኑ በራሱ ሌላ ግብር እንዳይጥል የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ካልፈቀደ አይችልም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራ ተቀነሱ፣ ቅርንጫፍ ቢሮዎች ተዘጉ፣ የመኪና ሰሌዳ ለማሳደስ ረጅም ሰልፍ ሆነ። በኖቬምበር 9 ቀን 2011 ኮሚሽኑ በ4 ለ1 ድምፅ ኪሳራ ለማወጅ ወሰነ። ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ስለነበረበት፣ በ2013 ዲትሮይት እስክትበልጠው ድረስ በአሜሪካ የአካባቢ መንግሥት ኪሳራ ታሪክ ትልቁ ሆኖ ቆይቷል። ካውንቲው ለድሆች ያቋቋመው ኩፐር ግሪን ሆስፒታል እንኳ በ2012 መጨረሻ አስተኝቶ ማከሙን አቆመ። በ2013 ከኪሳራ ሲወጣም መውጫው አዲስ የ40 ዓመት ብድርና በየዓመቱ የሚጨምር የፍሳሽ ሂሳብ ነበር። ስዋፕ የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሂሳቡ ቤቱ መጣለት።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

እኔ ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት «ባለሥልጣን ሁሉ ሌባ ነው» የሚለውን አይደለም። ያ ቀላል ነው፤ ምንም አያስተምርም። የወሰድኩት፣ ጉቦው በድብቅ ቢሰጥም ውሳኔው ግን በአጀንዳ ተራ ቁጥር ተይዞ፣ እጅ ወጥቶበት፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፎ ማለፉን ነው። ስለዚህ ስብሰባ የሚዘግብ ሰው፣ እዚያም ይሁን እዚህ፣ ቢያንስ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዞ ቢገባ ይጠቅመዋል፦

1. ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ የሚከፍለውስ ማነው?
2. ከዚህ ውል ኮሚሽን ወይም አገልግሎት ክፍያ የሚያገኘው ማነው? በጨረታ ነው የተመረጠው?
3. የታሰበው ነገር ባይሳካ፣ ለምሳሌ ወለድ ቢጨምር፣ ምን ይሆናል?
4. ያለ ክርክር ያለፈው የትኛው ነው? ለምን?

አራተኛውን ከሁሉ አስበልጣለሁ። ክርክር የተነሣበት ጉዳይ በራሱ ጊዜ ዜና ይሆናል፣ ሁሉም ይዘግበዋል። ዝም ተብሎ ያለፈውን ግን ካልጠየቅን ማንም አይጠይቅልንም። ቃሉ ካልገባን ደግሞ ማፈር የለብንም። «ስዋፕ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መልስ የሚሰጠው ሰው አስረድቶ መጨረስ ካቃተው ደግሞ ያ ራሱ ዜና ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ቅጠሉን በጊዜ ይዞ መገኘት ከጋዜጠኛ ሥራ አንዱ ነው።