የጥሪ ማስታወቂያውም የሕክምናው አካል ነው

እ.ኤ.አ. በ2016 ለኅትመት በበቃ ጥናት፣ በአሜሪካ የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሁለት ዓይነት ማስታወቂያ ተሳታፊዎችን ጠሩ። አንደኛው የአእምሮ ሥልጠና የማሰብ ችሎታን እንደሚያሳድግ ያበሥራል፤ ሌላኛው ለሚሳተፍ ተማሪ የኮርስ ነጥብ እንደሚያዝለት ብቻ ይናገራል። በእያንዳንዱ ጥሪ 25 ሰዎች መጡ። ሁሉም ለአንድ ሰዓት ያህል አንድ ዓይነት የማስታወስ ልምምድ ሠሩ። በማግሥቱ ሲፈተኑ በመጀመሪያው ጥሪ የመጡት የማሰብ ችሎታ መለኪያቸው ከ5 እስከ 10 ነጥብ ከፍ አለ፤ የሌሎቹ ባለበት ቀረ። እርግጥ ነው፣ ማስታወቂያውን የመረጠው ተሳታፊው ራሱ ስለሆነ ቀድሞውንም ያመነው ሰው መጥቶ ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን ትርፉን የልምምዱ ውጤት ብሎ መመዝገብ ስሕተት ነበር።

ነገሩ በወረቀት ፈተና አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ የጣሊያን ጥናት፣ ለፓርኪንሰን ሕመም በአእምሯቸው ውስጥ ኤሌክትሮድ የተተከለላቸው ሕሙማን፣ እንቅስቃሴያቸው እንደሚሻሻል ወይም እንደሚዳከም በተነገራቸው ጊዜ የእጃቸው ፍጥነት የተነገራቸውን ተከትሎ ተለወጠ።

በራስ ቆዳ ላይ በሚደረግ የ1 ወይም የ2 ሚሊ አምፒር ማነቃቂያ፣ ማነጻጸሪያው ቡድን የይስሙላ ማነቃቂያ ይሰጠዋል፤ ጅረቱ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዳን ነዝሮ ይጠፋል። ይህ ግን ቅድመ ግምትን እኩል ማድረጉን ማንም ካልጠየቀ አይታወቅም።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በሳሪስ ወይም በጀሞ፣ እንዲህ ያለ ጥናት ለማካሄድ ያሰበ ተመራቂ ተማሪ ፈተናው የሚጀምረው ከአማርኛው ነው። የፈቃድ መጠየቂያው «ማሽን» ቢል፣ በማሽን መታየትን ከፍ ያለ ሕክምና አድርጎ የሚቈጥር ሰው ገና ሳይነካ ተስፋው ይነሣል። «ኮረንቲ» ቢል ደግሞ፣ ቃሉን ከተበጠሰ ሽቦ ጋር የሚያውቀው ሰው ራሱን እንዲያመው ይጠብቃል፤ ምናልባትም ያመዋል። ሁለቱም ቃላት ሐሰት አይደሉም። መረጃ ሰብሳቢዎች በየቤቱ በቃል ሲያስረዱ አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ቢጠቀም ግን፣ በሁለት ወረዳዎች መካከል የሚታየው ልዩነት ከመሣሪያው ይልቅ ከአንደበታቸው የመጣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ማስረጃው ለሁሉም አንድ ሆኖ ይነበብ። ተሳታፊው ከመጀመሩ በፊት ምን ያህል መሻሻል እንደሚጠብቅ፣ ሲጨርስ ደግሞ እውነተኛው ወይስ የይስሙላው እንደ ደረሰው ይጠየቅ፤ መልሱም ከውጤቱ ጋር ይተንተን። ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጁም። በመመረቂያ ጽሑፉ አባሪ ላይም የእንግሊዝኛው ትርጉም ብቻ ሳይሆን፣ ሰዎቹ በእርግጥ የሰሙት የአማርኛ ቃል እንዳለ ይቀመጥ።