ከሽማግሌ በፊት የሚጣራ እግር

ጎጃም ይሁን ወላይታ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይጠየቃል። «ከቤታቸው ዝሆኔ አለ?» አለ ከተባለ ነገሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ያበቃል። ልጅቱ እግሯ ጤነኛ ቢሆንም አያቷ ወይም አጎቷ ታመው ከነበረ ይበቃል።

ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ይህ ዝሆኔ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ትንኝም አታመጣውም። በደጋማ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት ለዓመታት በባዶ እግሩ በሄደ ሰው ቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ቱቦዎችን ያቆስላሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ይህን መርምሮ አሳይቷል። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች እንደታመሙ ይገመታል።

ጉዳዩን የሚያከብደው የዘሩ ነገር ጨርሶ ሐሰት አለመሆኑ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ ባደረጉት ጥናት አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለአፈሩ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው። ከልጅነት ጀምሮ እግርን በጫማና በንጽህና መጠበቅ በሽታውን ይከላከላል። ጫማ መግዛት እየተቻለ የአንዲትን ልጅ ትዳር ማፍረስ ጭካኔ ነው፤ ሌላ ስም አላገኝለትም።

መገለሉ ሕመሙን ራሱን ያባብሰዋል። ታማሚው ሰርግ ቤት ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ጋቢውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይስባል። ሕክምናው ቀላል ነው፦ በየቀኑ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ሳፋ ውሃ መዘፍዘፍ፣ የጣቶችን መሃል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። እግሩን ለመደበቅ የሚኖር ሰው ግን ሳፋውን ደጅ አያወጣም፤ ጤና ጣቢያም «ሰው ያየኛል» ብሎ ይቀራል። ያልታጠበው እግር ይቆስላል፣ ይሸታል፤ ሲነሳበት ደግሞ በትኩሳት ለቀናት ይተኛል። ባልና ሚስት መኝታ የሚለዩት፣ አንዳንዴም የሚፋቱት እዚህ ላይ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ድብርት በታማሚዎቹ ዘንድ ከጎረቤቶቻቸው እጅግ በዝቶ አግኝተውታል፤ ማን ይደነቃል?

በወላይታ ከ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራው የሞሲ ፉት ፕሮጀክት ታክመው የተሻላቸው ሰዎችን አሠልጥኖ ሌሎችን እንዲረዱ አድርጓል። በሽታውን በገዛ እግሩ ያየ ሰው ሲያስተምር ታማሚው ያፍራል ብዬ አላስብም። ትምህርቱ ግን በታማሚው ብቻ መቆም የለበትም። የንስሐ አባቶችና የሰፈር ሽማግሌዎች ሊሰሙት ይገባል፤ ዘር የሚያጣሩት፣ ጋብቻውንም የሚያጸኑት እነሱ ናቸውና።