የእትዬ ፍላሽ

ዛሬ የምጽፈው ትንሽ ረዘም ይላል። ሰሞኑን እኛ ቤት የገጠመን ነገር በብዙ ቤት እንዳለ ስለማውቅ ታገሱኝ።

ታላቅ እህቴ መምህርት ናት። እሁድ ማታ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ ደወለችልኝ። «ፍላሼ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ቀስት አብቅለው ነበር፤ ችላ ብዬ ስሠራባቸው ሰነበትኩ። ትምህርት ቤት ስሰካው ደግሞ አንቲቫይረሱ የሆነ ነገር አጠፋና ፍላሹ ባዶ ሆነ። የማጠቃለያ ፈተናው እዚያ ላይ ነው። ፎርማት አድርጊው ብለውኛል።»

«እትዬ፣ እንዳትነኪው! የቤቱንም ኮምፒውተር አጥፊው፣ መጣሁ» አልኳት።

ፈተናው አልጠፋም ነበር። ፍላሹ ላይ የገባው ብዙዎቻችን «የሾርትከት ቫይረስ» የምንለው፣ ባለሙያዎች ኤች ዎርም ወይም ሁዲኒ፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ ጄንክስከስ የሚለው ነው። እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቅና በየስማቸው ቀስት ያለበት ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትጫኑ ፎልደሩ ይከፈታል፤ ከጀርባው ግን ፍላሹ ላይ የተደበቀው የቫይረሱ ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም፣ አብሮ ይነሳል። የትምህርት ቤቱ አንቲቫይረስ ሾርትከቶቹን አጠፋ፣ የተደበቁትን ግን አልገለጠም። ፍላሹን ባዶ ያስመሰለው ይሄው ነው። በዚያ ሰዓት ፎርማት ብታደርገው ኖሮ የወራት ሥራዋን በገዛ እጇ ታጠፋው ነበር።

ሰው የሚያየው ፍላሹን ነው፤ እኔን ያስጨነቀኝ ግን ኮምፒውተሩ ነበር። ይሄ ነገር ፋይል ደብቆ የሚያበቃ ቫይረስ አይደለም። ባክዶር ነው፣ የጓሮ በር። በየጥቂት ሰከንዱ በኢንተርኔት ወደ ቫይረሱ ባለቤት እየደወለ የኮምፒውተሩን ስም፣ የተጠቃሚውን ስም፣ የትኛው አንቲቫይረስ እንዳለ ይነግረዋል፤ ከዚያ ትእዛዝ ይጠብቃል። ፋይል ላክ ቢለው ይልካል፣ ሌላ ፕሮግራም አውርደህ ጫን ቢለው ይጭናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ማይክሮሶፍት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ እነዚህ ስክሪፕቶች የሚደውሉባቸውን የኖ-አይፒ ኩባንያ አድራሻዎች ለጊዜው እስከመውሰድ ደርሶ ነበር። ብዙ ንጹሐን ደንበኞች አብረው ስለተቋረጡ አድራሻዎቹ በቀናት ውስጥ ተመለሱ።

እቤቷ እንደደረስኩ መጀመሪያ ዋይፋዩን ነቀልኩ። የጓሮው በር ክፍት እያለ ቤት አይጠረግም።

ቀጥሎ ያለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስታርታፕ ውስጥ ያለውን ፋይል ያጠፋል፣ ሬጂስትሪ ውስጥ ራን ከሚባለው ቦታ መስመሩን ይሰርዛል፣ ደስ ብሎት ሪስታርት ያደርጋል፣ ነገርየው ተመልሶ ቁጭ ብሎ ያገኘዋል። ምክንያቱም ስክሪፕቱ እየሠራ ነው። እየሠራ እስካለ ድረስ በየዙሩ ራሱን መልሶ ይጽፋል፤ የተሰካ ፍላሽ ካገኘም እዚያው ይራባል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቆመው ሂደቱ ነው። ታስክ ማናጀርን ከፈትኩና ዲቴይልስ ላይ ኮማንድ ላይን የሚለው ዓምድ እንዲታይ አደረግኩ። ደብሊው-ስክሪፕት የሚባለው ፕሮግራም እየሠራ ነበር። ፕሮግራሙ ራሱ የዊንዶውስ ስለሆነ አይጠፋም። አጠገቡ የተጻፈው አድራሻ ግን ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ወዳለ ስሙ ትርጉም የለሽ ስክሪፕት ይመራ ነበር። አድራሻውን ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ሂደቱን ዘጋሁት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማጥፋት ጀመርኩ፦ ቴምፕ ውስጥ ያለውን፣ ስታርታፕ ውስጥ ያለውን ቅጂ፣ በሬጂስትሪው ሁለቱም የራን ቦታዎች ላይ ያሉትን መስመሮች። የቀረ እንዳይኖር ኦቶራንስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ነጻ መሣሪያ ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚነሱትን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። ሪስታርት አድርጌ ስጠብቅ አልተመለሰም።

ፍላሹን የሰካሁት ከዚህ በኋላ ነው። ምንም ደብል ክሊክ አላደረግኩም። የተደበቁት ፎልደሮች የሲስተም ምልክት ስለተለጠፈባቸው በፕሮፐርቲስ በኩል ሂደን የሚለውን ምልክት ማንሳት አይቻልም፣ ደብዝዞ ይቀራል። ስለዚህ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቼ ወደ ፍላሹ ፊደል ገባሁና አትሪብ፣ ማይነስ ኤች፣ ማይነስ አር፣ ማይነስ ኤስ፣ ስላሽ ኤስ፣ ስላሽ ዲ፣ ኮከብ ነጥብ ኮከብ ብዬ ጻፍኩ፤ በየመካከሉ ክፍት ቦታ አለ። ፎልደሮቹ ተራ በተራ ብቅ ሲሉ እህቴ «ተመስገን!» ብላ ወንበሩ ላይ ተዘረጋች። አብሮ የወጣውን ስክሪፕት አጠፋሁት።

እሷ ጨርሰናል ብላ ቡና ልታፈላ ተነሳች። አልጨረስንም ነበር። ስክሪፕቱ ለስንት ቀን ተቀምጦ ምን እንደላከ አይታወቅም፤ የላከውም ኮምፒውተሩን በማጽዳት አይመለስም። የኢሜይሏን ይለፍ ቃል የቀየርነው በስልኳ እንጂ በዚያ ኮምፒውተር አይደለም፤ ሌላ ቦታ የተከፈተውንም ሁሉ አስወጣን። ቴሌግራም ላይ ዲቫይስስ ውስጥ ገብተን ከስልኳ በስተቀር ያለውን ሁሉ ዘጋን። ቴሌግራምን ኮምፒውተር ላይ የምትጠቀሙ ይሄን አደራ፦ የሴሽን ፎልደሩን የቀዳ ሰው ያለ ኮድም ሊገባ ይችላል።

ደግሞም በእጅ ያጸዱትን ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ ማመን አይቻልም። በጓሮ በር የገባ ሌላ እንግዳ ሊያስገባ ይችላልና። የባንክ ሥራ የሚሠራበት ከሆነ ፋይሉን አውጥቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው የእኔ ምክር። እኛም ፈተናው ከታተመ በኋላ እንደዚያው አደረግን።

ቫይረሱ ከየት እንደመጣ ለማየት ቅዳሜ ዕለት እህቴ ሁልጊዜ ወደምታሳትምበት ፎቶ ኮፒ ቤት አብረን ሄድን። እዚያ የሚሠራውን ልጅ «ወንድሜ፣ አንዴ ኮምፒውተርህን ልየው?» አልኩት። ታስክ ማናጀሩን ስከፍት ያ ትርጉም የለሽ ስም እዚያም ነበር። በዚያ ሰዓት ከኋላችን ሦስት ሰዎች ፍላሻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ልጁ ደንግጦ «ምን ላድርግ?» አለኝ።

«መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ንቀለው» አልኩትና ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።