ተሳቢ የሚጎትት መኪና እንዴት ይዘጋጃል?

ከማሠልጠኛ የሚወጣ መምህር ብዙውን ጊዜ የሚመደበው አስፋልቱ ካቆመበት ራቅ ብሎ ነው። መጻሕፍቱ፣ የተማሪው ወንበር፣ የጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶው፣ አንዳንዴም የመጠጥ ውኃው ወደ ትምህርት ቤቱ የሚደርሰው በላንድክሩዘር ወይም በላንድሮቨር ነው። ዕቃው ከመኪናው በላይ ሲሆን ከኋላ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ይቀጠላል። ጭነቱን አስቆጥሮ የሚረከበውና ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ የሚጓዘው ደግሞ መምህሩ ወይም ርእሰ መምህሩ ነው። ስለዚህ ነገሩን «የሹፌርና የመካኒክ ጉዳይ ነው» ብለን የምንተወው አይደለም።

ስለ ተሳቢ ሲነሳ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «መኪናው ይጎትተዋል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን በእኛ ደጋ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «መኪናው ይይዘዋል ወይ?» የሚለው ነው። አቀበት ያቃተው መኪና ቆሞ ይቀራል፤ ጭነቱ ተቀንሶለት በሁለት ጉዞ ይጨርሰዋል። ቁልቁለት ያቃተው መኪና ግን ሁለተኛ ጉዞ የለውም።

ከባድ ነገር በገደል ላይ መጎተት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትንና 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ጉዞው ወራት ፈጅቷል። በብዙ መቶ የሚቆጠር ሰው ከመጎተቱም ሌላ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች ላይ መውረጃና መውጫ መንገድ እየተቆረጠ ነበር የተሄደው። እንዲያ ያለ ጭነት በሜዳ ጉልበት ይጠይቃል፤ በገደል ግን ከጉልበትም በላይ ዝግጅት ይጠይቃል። ዛሬም ሕጉ ያው ነው።

ሀ/ አቀበቱና ቁልቁለቱ

ከጎንደር ተነስተን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ደባርቅ ስንደርስ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነን። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲወዳደር በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሩብ ያህል ይጎድላል። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ አየር ስለ ሆነ ኃይሉም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ወደ ስሜን ተራሮች ገብቶ በቧሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ መኪና ደግሞ ሲሶውን ኃይል ያጣል። እንግዲህ በመኪናው መጽሐፍ ላይ «ይህን ያህል ኪሎ ይጎትታል» ተብሎ የተጻፈውን እንዳለ መውሰድ አይገባም። በእኛ አገር ከዚያ ቀንሶ መጫን ግድ ነው።

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወስደው የሊማሊሞ መንገድ ደግሞ ሌላውን ፈተና ያመጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የተቀደደው ይህ ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እስቲ በሒሳብ እንየው። ጭነት የያዘ መኪና 2,800 ኪሎ፣ ተሳቢው 1,200 ኪሎ ቢመዝኑ ድምሩ 4,000 ኪሎ ነው። ይህ ክብደት 1,000 ሜትር ሲወርድ 39 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይለቃል። ይህ ጉልበት ስድስት ተኩል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ በደባርቅ ከፍታ እስኪፈላ፣ ማለትም እስከ 90 ዲግሪ ገደማ፣ ለማሞቅ ይበቃል። ጥቂቱን ጎማውና አየሩ ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ይሸከመዋል። ሁሉም በፍሬኑ ላይ ከተጣለ ፍሬኑ ይግላል፤ ያረጀና እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይት ደግሞ ይፈላል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ሲረገጥ ዝም ብሎ እስከ ወለሉ ይወርዳል።

ለ/ መንጠቆው

ገበሬው ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያያይዘው በምራን ነው። ምራኑ ከላላ ወይም ከተበጠሰ በሬው ቢበረታ፣ ማረሻው ቢሳል ምን ዋጋ አለው? የመኪናው መንጠቆም እንዲሁ ነው። መንጠቆው የሚታሰረው በመኪናው ሻሲ ላይ ነው እንጂ በፓራውልት ላይ አይደለም። ፓራውልት ለግጭት መከላከያ የተሠራ ቆርቆሮ ስለ ሆነ ጉተታ አይችልም። ቡሎኖቹ ወፍራምና ጠንካራ ይሁኑ፤ ዳዶዎቹም በመንቀጥቀጥ ብዛት እንዳይላሉ መቆለፊያ ይደረግላቸው።

ሁለት ዓይነት መንጠቆ በብዛት ይታያል። አንደኛው 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የብረት ኳስ ላይ የሚገጠመው ሲሆን ለደህና መንገድ ጥሩ ነው። ሁለተኛው በወታደር መኪና ላይ የምናየው፣ የተሳቢውን ቀለበት በትልቅ መንጠቆ የሚይዘው ነው። ድምፁ ቢበዛም በጉድጓድና በገደላገደል ላይ ተሳቢው እንደ ልቡ እንዲወዛወዝ ይፈቅድለታልና ለገጠር መንገድ ይመረጣል። የትኛውም ቢሆን ተሳቢው ተጭኖ ሲቀጠል ወለሉ ከመሬት ጋር የተስተካከለ፣ ቢበዛ ወደ ፊት ትንሽ ያዘነበለ ይሁን። አፍንጫው ወደ ሰማይ ያየ ተሳቢ መኪናውን ያስቸግራል።

ከመንጠቆው ሌላ ሁለት ሰንሰለቶች ከሥሩ ተጠላልፈው መታሰር አለባቸው። መንጠቆው ቢከዳ የተሳቢው አንገት በተጠላለፈው ሰንሰለት ላይ ያርፋል፤ መሬት ወግቶ አይገለበጥም፣ ወደ ገደልም አይሄድም። ሰንሰለቱ መሬት እስኪጎትት አይርዘም፤ መታጠፍ እስኪከለክልም አይጠር።

ሐ/ አጫጫኑ

ለአጫጫን አንዲት ቀላል ሕግ አለች፦ ከአሥር ኩንታል አንዱ ኩንታል በመንጠቆው ላይ ይረፍ። ማለትም የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 1,000 ኪሎ ከሆነ የተሳቢው አንገት በመንጠቆው ላይ 100 ኪሎ ያህል ይጫን። ይህን ለማወቅ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ተሳቢውን ደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ ጎማውን በድንጋይ ታኮ አድርጎ፣ አንገቱን በእህል ሚዛን ላይ ማሳረፍ ይበቃል።

ከዚህ ቢያንስስ? ጭነቱ ወደ ኋላ የከበደ ነውና ተሳቢው የመኪናውን ጅራት ወደ ላይ ያነሳል፤ ፈጠን ሲባልም እንደ እባብ ይዋልላል። ቢበዛስ? የመኪናው ኋላ ይወድቃል፣ ባሌስትራው ይተኛል፣ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፤ መሪውም ይሳሳል። መሪ የሳሳ መኪና ደግሞ በጠመዝማዛ መንገድ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም። ባሌስትራ መጨመር የሚረዳው የተስተካከለን ጭነት ለመሸከም ነው እንጂ የተበላሸን አጫጫን አያስተካክልም።

ስለዚህ ሲሚንቶውና መጻሕፍቱ ከታች፣ ከጎማው በላይ ትንሽ ወደ ፊት ይደርደሩ። ወንበርና ቆርቆሮ ከላይ ይሁኑ። ሁሉም በገመድ ይጠፈር። ውኃ የሚጫን ከሆነ በርሜሉ ወይ ይሙላ ወይ ባዶ ይሁን፤ ግማሽ የሆነ ውኃ በየመታጠፊያው እየተናጠ ተሳቢውን ይገፋል። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አሥር ኩንታል መሆኑም አይዘንጋ። ሰው ግን በተሳቢ ላይ በጭራሽ አይጫንም። «ትንሽ መንገድ ነው፣ ጭነቱን ይዞ ይቀመጥ» የሚባለው ነገር ሕይወት ያስከፍላል።

መ/ የተሳቢው ፍሬን

በአውሮፓ ሕግ ከ750 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተሳቢ ሁሉ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። ለሜዳ አገር ይህ ካስፈለገ ለሊማሊሞማ እንዴት? የተለመደው ዓይነት በግፊት የሚሠራው ነው። መኪናው ሲቀዘቅዝ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል፤ ግፊቱ አንገቱ ላይ ያለውን ዘንግ ወደ ኋላ ያንሸራትታል፤ ዘንጉም ሽቦ ስቦ የተሳቢውን ፍሬን ያስይዛል። ብልሃቱ ግሩም ነው። ሆኖም በረጅም ቁልቁለት ተሳቢው ሳያቋርጥ ስለሚገፋ ፍሬኑም ሳያቋርጥ ይይዛል፤ በዚህ ምክንያት ይግላል። ከሹፌሩ አጠገብ በማዞሪያ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ተሳቢ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሹፌሩ በፈለገው ጊዜና በፈለገው መጠን ሊያስይዘው ይችላል።

የመኪናው የራሱ ፍሬንም አይረሳ። ሸራው ይታይ፤ የፍሬን ዘይቱ ካረጀ ይቀየር። ራዲያተሩ ይጽዳ፣ ቀበቶው ይጥበቅ፤ ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ከሆነ ተሳቢ ከመቀጠሉ በፊት ይጠገን።

ሠ/ ጎማና መብራት

የሚቻል ከሆነ የተሳቢው ጎማና ቸርኬ ከመኪናው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ መለዋወጫ ጎማ ለሁለቱም ያገለግላል። የሁለቱ የጎማ ስፋትም እኩል ቢሆን ተሳቢው መኪናው በቀደደው ዱካ ላይ ይሄዳል፤ በጭቃ ጊዜ ሁለተኛ ዱካ ለመቅደድ ኃይል አያባክንም። ከኋላ የሚመጣ ሰው የሚያየው ተሳቢውን ነው እንጂ መኪናውን አይደለም፤ ስለዚህ የፍሬን መብራቱ፣ ፍሬቻውና የሌሊት መብራቱ ከመኪናው ጋር በሶኬት ተገናኝቶ መሥራት አለበት። የደባርቅን ጉም የሚያውቅ ሰው ይህን ትርፍ ነገር ነው አይልም።

ረ/ አነዳዱ

ቁልቁለት የሚወረደው አቀበቱ በሚወጣበት ከባድ ማርሽ ነው። ማርሹ የሚገባው ደግሞ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መሐል ላይ «ልቀይር» ሲሉ አልገባም ቢልስ? የአራት ጎማ ከባድ ማርሽ ያለው መኪና በዳገታማው ቦታ ይጠቀምበት። ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በባዶ መውረድ ከሞት ጋር መጫወት ነው። ፍሬን ሲያዝ ለአጭር ጊዜ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ ይሻላል፤ እግርን ሳያነሱ መጫን ያግለዋል። የተቃጠለ ሸራ ከሸተተ ሰፊ ቦታ ላይ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው፤ በጋለ ብረት ላይ ግን ውኃ አይደፋም።

ተሳቢው መዋለል ከጀመረ ፍሬን በድንገት መርገጥ ያብሰዋል። መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ከነዳጁ ላይ እግርን አንስቶ ቀስ በቀስ ማቀዝቀዝ ይገባል። በመታጠፊያ ላይ ተሳቢው ከመኪናው ይልቅ ወደ ውስጥ ይቆርጣልና ሰፋ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ወደ ኋላ ሲኬድ ተሳቢው መሪው ከዞረበት በተቃራኒው ይሄዳል። መሪውን ከታች በኩል ይዘው እጅዎን ተሳቢው እንዲሄድ ወደሚፈልጉበት ጎን ቢወስዱ ግራ አይጋቡም። ተሳቢውን ከመፍታትዎ በፊት ደግሞ ሁለቱም ጎማዎች በፊትም በኋላም ታኮ ይደረግባቸው።

ከመነሳት በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ መንጠቆው ተቆልፏል? ሰንሰለቶቹ ተጠላልፈዋል? መብራቱ ይሠራል? አንገቱ ላይ ያረፈው ክብደት ልክ ነው? ጎማው ነፋስ አለው? ከተነሱ ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመው ዳዶዎቹን ያጥብቁ፤ ወደ ጎማው መሐል እጅዎን ጠጋ አድርገው ሙቀቱን ይፈትሹ። አንደኛው ከሌላው ይልቅ ከጋለ ችግር አለ ማለት ነው።

ውድ ሠልጣኞች! ነገ በምትመደቡበት ትምህርት ቤት ጭነት የምትረከቡት እናንተ ናችሁ። ሹፌሩ በዕድሜም በሙያም ይበልጠናል ብላችሁ ዝም አትበሉ። «ጋሼ፣ ሰንሰለቱን አንድ ጊዜ እንየው» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም። ጥያቄው የሚወስደው አምስት ደቂቃ ነው። መጻሕፍቱም፣ ሹፌሩም፣ እናንተም በሰላም የምትደርሱት በዚችው አምስት ደቂቃ ነው።